ማካያ ንቲኒ የሮጠው ለጤናው አልነበረም

ለተከበሩ ዋና አዘጋጅ፤

በጋዜጣችሁ የስፖርት ዓምድ ስለ አፍሪካውያን ስፖርተኞች ጥንካሬ የወጣውን ጽሑፍ ከአዲስ አበባ የመጣ ወዳጄ ይዞልኝ መጥቶ አነበብኩት። ጸሐፊው ብዙ ስሞችን ካነሡ በኋላ በአንድ አጭር አንቀጽ ወደ ደቡብ አፍሪካዊው የክሪኬት ተጫዋች ወደ ማካያ ንቲኒ ተሻግረው፣ የቡድን ጓደኞቹ በአውቶቡስ ሲሄዱ እሱ ከሆቴል እስከ ሜዳ በእግሩ ይሮጥ እንደነበርና ይህም ወጣቶቻችን ሊማሩበት የሚገባ ትጋት መሆኑን ጽፈዋል። መሮጡ እውነት ነው። ምክንያቱ ግን ያ አልነበረም። ንቲኒ ራሱ ለምን ይሮጥ እንደነበር ከቡድኑ ከተሰናበተ ከዓመታት በኋላ በአደባባይ ተናግሯል፤ ያንን የሰማ ሰው አንቀጹን አንብቦ ዝም ሊል የሚችል አይመስለኝም። ይህን ደብዳቤ የምጽፈውም እርማቱ ከአንድ መስመር የሰፋ ቦታ እንዲሰጠው ለመጠየቅ ነው።

እኔ ላለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት የምኖረው በደቡብ አፍሪካ ኢስተርን ኬፕ ክፍለ ሀገር፣ ቀድሞ ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ትባል በነበረችውና ከ2021 ወዲህ ቆንሴ ተብላ በተሰየመችው ከተማ አቅራቢያ ነው። (በዚህ ደብዳቤ የማነሣቸው ቀናት፣ ወራትና ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) እንደ ብዙው ወገኔ የምተዳደረው በሱቅ ነው። ስመጣ ስለ ክሪኬት የማውቀው ነገር አልነበረም፤ ነጭ የለበሱ ሰዎች ቀኑን ሙሉ ሜዳ ላይ ቆመው የሚውሉበት፣ ማን እንዳሸነፈ የማይታወቅበት ነገር ይመስለኝ ነበር። ያስተማሩኝ ከሱቄ በር አጠገብ ወንበር ይዘው በኮሳ ቋንቋ የሚተላለፈውን የሬዲዮ ዘገባ የሚያዳምጡ አንድ አዛውንት ደንበኛዬ ናቸው። እንደ አገሩ ወግ «ታታ» እላቸዋለሁ፤ አባባ እንደ ማለት ነው። የንቲኒን ስም መጀመሪያ የሰማሁትም ከእሳቸው ነው። የተወለደባት መንደር ምዲንጊ ከእኛ ብዙም አትርቅም፤ የአካባቢው ሰው ስለ እሱ ሲያወራ ስለ ራሱ ልጅ የሚያወራ ይመስላል።

ንቲኒ የተወለደው ሐምሌ 6 ቀን 1977 ነው። በዚያው ዓመት መስከረም ላይ፣ እዚሁ ኪንግ ዊሊያምስ ታውን ባለችው የጊንዝበርግ ሠፈር ያደገው የዘር መድልዎ ተቃዋሚው ስቲቭ ቢኮ በፖሊስ እጅ ሕይወቱ አልፎ ሬሳው ወደ ከተማዋ ተመልሶ ተቀበረ። ሁለቱን ነገሮች አጎራብቼ የማነሣቸው እንዲሁ ለማሳመር አይደለም። ሕፃኑ ንቲኒ ወደ ምን ዓይነት አገርና ወደ ምን ዓይነት አውራጃ እንደ መጣ ከዚህ በላይ የሚናገር ነገር ስለማላውቅ ነው።

ልጅነቱ በእረኝነት ያለፈ ነበር። ጫማ አልነበረውም። በክረምት ጠዋት ብርዱ እግሩን ሲያደነዝዘው ከብቶቹ አሁን የጣሉትን ትኩስ እበት ረግጦ ይሞቅ እንደነበር ራሱ ተርኳል። ይህን የሰሜን ሸዋም ሆነ የጎጃም ደጋ እረኛ ሲሰማ ማብራሪያ አያሻውም፤ እኔም ልጅ ሳለሁ አድርጌዋለሁ፤ ሙቀቱ ከቁርጭምጭሚት በላይ እንደማይዘልቅና እግር ከወጣ በኋላ ብርዱ ብሶ እንደሚመለስ አውቃለሁ። በአካባቢው ክሪኬትን ለማስፋፋት የሚሠራ ሬይመንድ ቡዪ የተባለ ባለሙያ ባዶ እግሩን እየሮጠ ኳስ የሚወረውረውን ይህን ልጅ አይቶ ጫማ ፈለገለት፤ ከዚያም በከተማው ታዋቂ በሆነው በዴል ኮሌጅ ትምህርት ቤት የሚማርበት መንገድ ተከፈተለት። ትምህርት ቤቱ በዘር መድልዎው ዘመን ለነጮች ብቻ የነበረ ነው። ንቲኒ ሲገባ እንግሊዝኛው ገና ለመግባባት እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

ይህን ታሪክ ብዙ ሰው ሲተርከው ከእረኝነት ወደ ዓለም አደባባይ የወጣ ተአምር አድርጎ ይጨርሰዋል። ታታ በዚህ ይቆጣሉ። ኢስተርን ኬፕ ውስጥ ጥቁሮች ክሪኬት መጫወት የጀመሩት በ19ኛው ምዕተ ዓመት፣ በሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ዘመን ነው፤ አባቶቻቸውም አያቶቻቸውም ተጫውተዋል። የጎደለው ችሎታ ሳይሆን በር ነበር። ክሮም ሄንድሪክስ የተባለ ፈጣን ወርዋሪ በ1894 ደቡብ አፍሪካ ወደ እንግሊዝ ለምትልከው ቡድን የሚበቃ ሆኖ ሳለ ነጭ ባለመሆኑ ቀርቷል። ከሄንድሪክስ እስከ ንቲኒ ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ንቲኒ መጋቢት 1998 ኬፕ ታውን ላይ ከስሪላንካ ጋር በተደረገው ጨዋታ ተሰልፎ ለደቡብ አፍሪካ የአምስት ቀን ግጥሚያ የተጫወተ የመጀመሪያው ጥቁር አፍሪካዊ ሲሆን፣ በኋላው ማን ማን ቆሞ እንደነበር ማሰብ ይገባል።

በሩን ማለፉ ግን ወዲያው ሌላ ነገር አመጣበት። አሰልጣኞችና መራጮች ቡድኑን የአገሪቱን ሕዝብ እንዲመስል ማድረግ ነበረባቸውና፣ ንቲኒ ገና ኳስ ሳይወረውር «የኮታ ተጫዋች» የሚል ስም ወጣለት። ኳስ መጣል ያልሆነለት ቀን ስሙ ይነሣል፤ የሆነለት ቀን ደግሞ እድል ይባላል። በ1999 ከባድ የወንጀል ክስ ቀርቦበት መጀመሪያ ጥፋተኛ ቢባልም በይግባኝ ነጻ ወጥቷል፤ ይህም ከጨዋታው አርቆት ቆይቷል። ተመልሶ የመጣው በብዙ ጥርጣሬ መካከል ነው።

ስለ ሥራው ትንሽ ልግለጽ፤ ምክንያቱም ክሪኬትን ለማያውቅ አንባቢ «ወርዋሪ» የሚለው ቃል ልፋቱን ይደብቅበታል። ኳሱ በቆዳ የተሸፈነ፣ ከ156 እስከ 163 ግራም የሚመዝን፣ እንደ ድንጋይ ጠጣር ነገር ነው። ወርዋሪው በሩጫ መጥቶ፣ ክንዱን ሳያጥፍ ከራሱ በላይ አዙሮ፣ 20 ሜትር ያህል ርቆ ወደ ቆመው መቺ መሬት አንጥሮ ይለቀዋል። ከመቺው በስተ ኋላ የተተከሉት ሦስት እንጨቶች ዊኬት ይባላሉ፤ መቺን ከጨዋታ ማስወጣትም «ዊኬት መውሰድ» ይባላል። በፈጣን ወርዋሪ ውርወራ ጊዜ ፊተኛው እግር መሬት ሲመታ የሰውነቱን ክብደት በብዙ እጥፍ ይሸከማል። ስድስት ጊዜ እንዲህ ከወረወረ በኋላ አረፍ ብሎ ይመለሳል፤ ይህ በሙቀትም በንፋስም ለአምስት ቀን ይቀጥላል። ጉልበት፣ ወገብ፣ ቁርጭምጭሚት የሚያልቀው በዚህ ነው። ንቲኒ በአምስት ቀን ግጥሚያዎች ብቻ ከ20,000 በላይ ኳስ ወርውሯል። ደግሜ ልጻፈው፦ ከሃያ ሺህ በላይ።

አንድ ቀን ታታ ከሱቄ ብርቱካን አንሥተው ንቲኒ እንዴት ይወረውር እንደነበር አሳዩኝ። ኳሱ ላይ ዙሪያውን የሄደ የስፌት መስመር አለ፤ ጠቋሚና መሐል ጣታቸውን በስፌቱ ግራና ቀኝ እንዳስቀመጡ አድርገው ብርቱካኑን ያዙ፣ አውራ ጣታቸውን ከሥር ደገፉ። ከዚያም ከሱቁ በር ጥግ፣ ከሚጠበቀው በላይ ራቅ ብለው ቆሙና ክንዳቸውን አዞሩ። ንቲኒ ወደ መወርወሪያው መስመር የሚመጣው በጫፍ በኩል ነበር፤ ስለዚህ ኳሱ ወደ ቀኝ እጅ መቺ ከውጭ ወደ ውስጥ በሰያፍ ይገባበታል። መቺው ወደ ውስጥ ትገባለች ብሎ ዱላውን ሲዘረጋ አንዳንዷ ስፌቷ ላይ አርፋ ቀጥ ትላለች፤ የዱላውን ጫፍ ነክታም ከኋላ ባለው ሰው እጅ ትገባለች። ግራ እጅ መቺዎች ደግሞ ኳሱ ከእነሱ እየሸሸ ስለሚሄድ የባሰ ይቸገሩበት ነበር። «ሌላው ወርዋሪ ሲደክም አቅጣጫው ይጠፋዋል፤ ይህ ልጅ ማታም እንደ ጠዋቱ ነበር» አሉኝ፤ ብርቱካኑንም ወደ ሣጥኑ መለሱት።

ውጤቱ የተጻፈ ነው። በ2003 የክሪኬት ቤት በሚባለው በለንደኑ ሎርድስ ሜዳ በአንድ ግጥሚያ ዐሥር ዊኬት የወሰደ የመጀመሪያው ደቡብ አፍሪካዊ ሆነ። በ2005 ትሪኒዳድ ውስጥ በፖርት ኦቭ ስፔን ዌስት ኢንዲስን በገጠመበት ጨዋታ 132 ሩጫ (በክሪኬት ነጥብ ማለት ነው) ሰጥቶ 13 ዊኬት ወሰደ፤ ከአንድም ደቡብ አፍሪካዊ ወርዋሪ እስከዚያ ቀን የተሻለ አልታየም ነበር። በመጋቢት 2006 በኬፕ ታውን በአንድ ቀን ጨዋታ ኃያሏን አውስትራሊያን በ22 ሩጫ ስድስት መቺዎቿን አስወጥቶ በ93 ብቻ እንድትቆም አደረጋት። ከዘጠኝ ቀን በኋላ በጆሃንስበርግ፣ አውስትራሊያ 434 ሩጫ አስመዝግባ ደቡብ አፍሪካ በታሪክ ያልታየውን ቁጥር ስታሳድድ፣ የመጨረሻው መቺ ሆኖ የገባው ንቲኒ ነበር። መምታት ሥራው አልነበረም፤ ከኋላ የቆመው ሁሉ ትንፋሹን ይዞ ነበር። በአንዷ ኳስ አንድ ሩጫ አግኝቶ ነጥቡን እኩል አደረገ፤ ማርክ ባውቸር በቀጣዩ አራት መትቶ አገሩ በ438 አንድ ኳስ ሲቀራት አሸነፈች። ያን ቀን የተቃቀፉት ሰዎች ፎቶ እስካሁን በየቦታው ይታያል።

ንቲኒ በ101 የአምስት ቀን ግጥሚያዎች 390፣ በ173 የአንድ ቀን ግጥሚያዎች ደግሞ 266 ዊኬት ይዞ ጨርሷል። በአምስት ቀን ጨዋታ ከደቡብ አፍሪካውያን የሚቀድሙት ዴል ስቴይንና ሾን ፖሎክ ብቻ ናቸው። «ኮታ» የሚለውን ቃል ከእነዚህ ቁጥሮች ጎን የሚያስቀምጥ ሰው ካለ እንዲመልስልኝ እፈልጋለሁ።

እንግዲህ ወደ ሩጫው ልመለስ። በሐምሌ 2020 ወጣቱ ወርዋሪ ሉንጊ ንጊዲ የጥቁሮች ሕይወት ዋጋ አለው የሚለውን ንቅናቄ በመደገፉ በቀድሞ ተጫዋቾች ሲወቀስ ከሠላሳ በላይ ጥቁር የቀድሞ ተጫዋቾችና አሰልጣኞች ከጎኑ ቆሙ። በዚያው ሰሞን ንቲኒ ለደቡብ አፍሪካ ቴሌቪዥን ቃለ መጠይቅ ሰጠ። በዚያ ሁሉ ዘመን ብቸኛ እንደነበር ተናገረ። ማታ ለእራት በሩን የሚያንኳኳለት አልነበረም። ጓደኞቹ ፊቱ ቆመው የት እንደሚበሉ ይስማማሉ፤ እሱን አይጠሩትም። ቁርስ ላይ ከጎኑ የሚቀመጥ የለም። በአውቶቡሱ ከኋላ ቢቀመጥ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ሲያሸንፉ ደስታው የጋራ፣ ሲሸነፉ ግን ወቀሳው መጀመሪያ ወደ እሱ ነበር። ስለዚህ ጠዋት ቀደም ብሎ ቦርሳውን ለአውቶቡሱ ሾፌር ይሰጥና ወደ ሜዳው ይሮጣል፤ ማታም ሮጦ ይመለሳል። ሰዎች ለምን እንደሚያደርገው አልተረዱም፣ እሱም ከምን እንደሚሸሽ አልነገራቸውም። ልጁም በታዳጊ ቡድን ውስጥ ተመሳሳይ ነገር እንደ ደረሰበት ጨምሮ ተናግሯል።

የእኛን አገር ሰው ልብ የሚነካው የትኛው ክፍል እንደሆነ አውቃለሁ፤ እራቱ ነው። ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል የምንል ሕዝብ ነን። መንገደኛ ሲያልፍ እንኳ «እንብላ» እንላለን፤ እንደማይበላ ብናውቅም እንላለን፤ አለማለት ነውር ስለሆነ። ዐሥራ ሁለት ዓመት አንድ ሰንደቅ ዓላማ፣ አንድ መዝሙር፣ አንድ ዓይነት ልብስ ለብሶ ከሚያሸንፍላቸው ሰው ጋር «እንብላ» ሳይባባሉ መኖር ምን እንደሚመስል ለማሰብ ሞክሬ ነበር። ጋዜጣችሁ የጻፈው ሩጫ ይህ ነው። ኃይሌ ገብረሥላሴ መጽሐፉን ክንዱ ሥር ይዞ ወደ ትምህርት ቤት የሮጠው ለመድረስ ነበር፤ ንቲኒ የሮጠው ላለመሳፈር ነበር። ሁለቱ ሩጫዎች በአንድ አንቀጽ ሊገቡ አይችሉም።

«እስከዛሬ ለምን ዝም አለ?» የሚለውን ጥያቄ ንቲኒ ከተናገረ በኋላ ብዙ ሰው ጠይቆታል፤ ከሱቄ የሚገዙትም፣ የእኛው ሐበሾችም ጭምር። እኔ መልሱን የማውቀው ይመስለኛል። ወደዚህ አገር እንደ መጣሁ በአንድ የጅምላ መጋዘን ለሁለት ዓመት ያህል ሠርቻለሁ። ምሳ ሰዓት ሲደርስ የሥራ ባልደረቦቼ ከጭነት ማውረጃው ደረጃ ላይ ተሰብስበው ይበላሉ፤ እኔ ስቀርብ ወሬው ይቆማል። ማንም ክፉ ቃል አልተናገረኝም፤ ለአለቃ ሄጄ ልናገር ብል የምለው ነገር አልነበረኝም፤ «አያናግሩኝም» ብሎ መክሰስ ይቻላል? ስለዚህ ምሳ ሰዓት ላይ እቃ ማስተካከል ለመድኩ። አለቃዬ ታታሪ ሠራተኛ ነው ብሎ አመሰገነኝ። ለቤተሰቤ ስደውል ሥራ እንዴት ነው ሲሉኝ ጥሩ ነው እላለሁ። ንቲኒ ደግሞ ከእኔ የሚበልጥ የሚያጣው ነገር ነበረው፤ አንድ ቃል ቢተነፍስ «ኮታ ነው፤ አማራሪ ነው» ተብሎ ከሱ ኋላ ሊመጡ ለሚችሉት ሁሉ በሩ እንደገና ይዘጋ ነበር። ሥራውን በሥራው አረጋግጦ እስኪጨርስ ድረስ ዝም አለ። ይህን ዝምታ ፍርሃት ብሎ የሚጠራውን ሰው አልስማማውም።

ሚዛኑን ለመጠበቅ ሌላውንም ወገን ማንሣት ይገባኛል። የደቡብ አፍሪካ ክሪኬት አስተዳደር በ2021 በዘር መድልዎ ጉዳይ ምስክርነት የሚሰማ መድረክ በጠበቃ ዱሚሳ ንትሴቤዛ መሪነት አቋቁሞ ብዙ ጥቁርና ክልስ ተጫዋቾች የደረሰባቸውን ተናግረዋል፤ ሪፖርቱም በታኅሣሥ ወር ወጥቷል። ከዚያ በኋላ በታወቁ ሰዎች ላይ የተጀመሩት ክሶች አልጸኑም። እኔም አንድን ሰው ስም ጠርቼ ለመክሰስ አልተነሣሁም። ከንቲኒ ጎን ያልተቀመጡት ልጆችም ያደጉት ጥቁርና ነጭ በአንድ ወንበር እንዳይቀመጥ ሕግ ባወጣ አገር ነው፤ ብዙዎቹ የሚያደርጉትን አላዩትም ይሆናል። ግን አለማየታቸው የእሱን ክፍል አልሞላለትም። ደግሞም እዚህ አገር ሱቆቻችን የተዘረፉበትን ጊዜ አልረሳሁም፤ በ2008ም በ2015ም የሆነውን የጋዜጣችሁ አንባቢዎች ያውቁታል። ደቡብ አፍሪካዊን ስለማወደስ ወገኖቼ የሚወቅሱኝ በዚህ ነው። እንግድነት ምን እንደሆነ ለማወቅ አገር መልቀቅ እንደማያስፈልግ ያየሁት ግን በዚህ ሰው ታሪክ ነው፤ እሱ እንግዳ የሆነው በተወለደበት አገር ነው።

መጨረሻው ፈጠን ያለ ነበር። በታኅሣሥ 2009 በሴንቹሪየን መቶኛ ግጥሚያውን ከእንግሊዝ ጋር ተጫወተ፤ በቀጣዩ የደርባን ጨዋታ ማግስት ከቡድኑ ወጣ። ሰውነቱ ከብዙ ሺህ ኳስ በኋላ ደክሞ ነበርና በውሳኔው አልከራከርም። ጥር 9 ቀን 2011 በደርባኑ ሞዝስ ማቢዳ ስታዲየም፣ ለዓለም የእግር ኳስ ዋንጫ በተሠራው ሜዳ፣ ከሕንድ ጋር በተደረገ አጭር ጨዋታ ስንብት ተደረገለት። ታታ ያን ቀን ሬዲዮውን ትተው ቴሌቪዥን ያለበት ቤት ሄደው እንዳዩት ነግረውኛል። ሜዳውን ዞሮ ሕዝቡን ሲሰናበት አዛውንቶች በኮሳ ቋንቋ ስሙን እየጠሩ ያለቅሱ ነበር ብለውኛል፤ እኔ በቦታው አልነበርኩም።

ስለዚህ የተከበሩ ዋና አዘጋጅ፣ የምጠይቀው ይህ ነው። ዓምደኛዎ ስለ ንቲኒ የጻፉት አንቀጽ በዚህ መልክ እንዲታረም፦ ከሆቴል እስከ ሜዳ የሮጠው ከጎኑ የሚቀመጥ ስላልነበረ መሆኑን፣ ይህንንም ራሱ በ2020 መናገሩን፣ እንዲያም ሆኖ 390 ዊኬት መውሰዱን። የአካል ብቃቱን ማድነቅ ከፈለጉ ያድንቁ፤ እኔም አደንቃለሁ። ልጆቻችን ያንን ጽሑፍ አንብበው ጠዋት ተነሥተው ቢሮጡም መልካም ነው። ግን ጋዜጣውን ያነበበ አንድ ወጣት ነገ በትምህርት ቤቱ ወይም በሥራ ቦታው ሁልጊዜ ብቻውን ቀድሞ የሚሄድ ጓደኛ ካየ፣ ቢያንስ ለምን እንደሚሮጥ ሊጠይቀው እንዲችል እውነቱን እንዲያውቅ እሻለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንባቢያችሁ
ከቆንሴ አቅራቢያ፣ ኢስተርን ኬፕ